ተስፋ የቆረጠው ኬሚስት

በየእግረኛ መንገዱ ዳር ላስቲክ አንጥፈው መጻሕፍት የሚሸጡትን ልጆች እስቲ ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። ከጥቂት ልቦለዶችና ከመዝገበ ቃላቱ ቀጥሎ ቦታውን የሞላው "የስኬት መጽሐፍ" ነው። ሽፋኑ ላይ ወይ ተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው አለ፣ ወይ መሰላል አለ፣ ወይ ደግሞ ወደ ፀሐይ እጁን የዘረጋ ጎረምሳ። ገለጥ ስታደርጉት የሳይንቲስት ታሪክ አታጡም። ሳይንቲስቱ ማንም ይሁን ማን ታሪኩ አንድ ነው። ድሃ ሆኖ ይወለዳል። መምህሩ "አንተ አይገባህም" ብሎ ያባርረዋል። ሺህ ጊዜ ይሞክራል፣ ሺህ ጊዜ ይወድቃል፣ በሺህ አንደኛው ይሳካለታል። ከዚያ ሽልማት ይቀበላል፣ ይጨበጨብለታል፣ አንባቢውም "አንተስ ምን ትጠብቃለህ?" ተብሎ ይገሠጻል።

መጽሐፉን የሚገዛውን ወጣት አልወቅስም። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲዞር የዋለ ልጅ የሚያጽናናው ሰው ቢያጣ፣ ከኪሱ አውጥቶ መጽናኛ ቢገዛ ምን ይደንቃል? እኔን የሚከነክነኝ የአተራረኩ ነገር ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼ አንድ የሕይወት ታሪክ አንብበው ሲመጡ በመጀመሪያ የምጠይቃቸው "ጸሐፊው ምኑን ዘለለው?" ብዬ ነበር። የስኬት መጻሕፍት ደግሞ የሚዘልሉት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ በሺኛውና በሺህ አንደኛው ሙከራ መካከል ያለውን። እዚያች ቦታ ላይ ሰውዬው ምን አሰበ? ምን ገባው? ዝም ብሎ ሌላ ክብሪት ጫረ ወይስ ክብሪቱ እርጥብ መሆኑን አወቀ?

ይህን ጥያቄ ይዤ ዛሬ አንድ ኬሚስት ላስተዋውቃችሁ። ጆርጅ ዴ ሄቬሺ ይባላል። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ውስጥ ብዙም አታገኙትም፤ ለታሪኩ አይመችማ! አንደኛ ነገር ድሃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1885 ቡዳፔስት ውስጥ ከባለጠጋና ከባለማዕረግ ቤተሰብ ነው የተወለደው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። በሕይወቱ ትልቁን ሥራ የሠራው ተስፋ ቆርጦ ነው።

ነገሩን ከጀርመን እንጀምር። ሄቬሺ ትምህርቱን ጨርሶ ካለፈባቸው ቤተ ሙከራዎች አንዱ ካርልስሩኸ ከተማ የሚገኘው የፍሪትዝ ሃበር ቤት ነበር። ሃበር ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስዶ ከሃይድሮጅን ጋር አጋብቶ አሞኒያ የሠራ ሰው ነው። ዛሬ ገበሬያችን ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የዚያ ሥራ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። (ያው አሞኒያ ፈንጂም ይወጣዋል። ሃበር ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርዝ ጋዝን ጦር ሜዳ ያስገባ ሰው ነው። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ናይትሮጅን መቼም ኩራተኛ ነው፤ በቀላሉ ከማንም ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ካታሊስት የሚሉት ነገር ያስፈልጋል። ካታሊስት ማለት በኛ ቋንቋ ደላላ ነው። ሁለቱን ወገን ያገናኛል፣ ያግባባል፣ ውሉ ሲያልቅ ዞር ይላል። ከኛ ደላሎች የሚለየው ኮሚሽን አለመቀበሉ ነው፤ እንደገባ ይወጣል።

ሃበር በ1909 አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል ኦስሚየም በሚባል ብረት አሳየ። ኦስሚየም ግን እጅግ ብርቅና ውድ ነው። ስለዚህ ባስፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ርካሽ ደላላ እንዲፈለግለት አልቪን ሚታሽ የተባለውን ኬሚስት አሠማራ። ሚታሽና ባልደረቦቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 2,500 ያህል ዓይነት ካታሊስት ወስደው 6,500 ገደማ ሙከራ አደረጉ። በመጨረሻ ያሸነፈው፣ እንደ ቅመም ጥቂት ነገር የተጨመረበት የብረት ማዕድን ሆነ። ፋብሪካው በ1913 ሥራ ጀመረ። የዓለም የአሞኒያ ፋብሪካዎች ዛሬም በአመዛኙ የሚሠሩት በዚያው በብረት ዘር ነው።

እዚህ ላይ የስኬት መጽሐፉ ደራሲ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "አላልኳችሁም!" ይላል። እውነቱን ነው፤ አልከራከረውም። ስድስት ሺህ ጊዜ ሞክሮ አለመሰልቸት የሚያስከብር ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሚታሽ የሚፈልገው ነገር ሊኖር እንደሚችል ያውቅ ነበር። በሩ እንደሚከፈት ሃበር አሳይቶታል፤ የቀረው ርካሹን ቁልፍ ማግኘት ነው። የቁልፍ ክምር ፊት ለተቀመጠ ሰው "ተስፋ አትቁረጥ" የሚለው ምክር ትክክለኛ ምክር ነው።

በሩ በር ካልሆነስ? ግድግዳ ላይ የተሣለ በር ቢሆንስ?

ሄቬሺ በ1911 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ማንችስተር፣ ከታላቁ ኤርነስት ራዘርፎርድ ዘንድ ገባ። ራዘርፎርድ ከኦስትሪያ መንግሥት በስጦታ ያገኘው በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር እርሳስ ነበረው። እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን ሳይሆን ጥይት የሚሠራበትን ከባዱን ብረት ማለቴ ነው። ይህ እርሳስ ከዩራኒየም ማዕድን የተረፈ ስለሆነ ራዲየም ዲ የሚባል ጨረር የሚያወጣ ነገር ተደባልቆበታል። ራዘርፎርድ ራዲየም ዲን ይፈልገዋል፤ እርሳሱ ደግሞ ጨረሩን እየዋጠ አላሠራ ብሎታል። እናም አንድ ቀን ወጣቱን ሄቬሺን "ወንድ ከሆንክ ይህን ከእርሳሱ ለይልኝ" እንደማለት ያለ ነገር አለው ይባላል።

ሄቬሺ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለፋ። ያን ጊዜ የሚታወቅ የመለያ ዘዴ አልቀረውም። አንድም ግራም አልተለየለትም። በዚያው ሰሞን ቪየና ውስጥ ፍሪትዝ ፓኔት የተባለ ሌላ ኬሚስት በዚያው ጉዳይ ሲደክም ቆይቶ እሱም እንዲሁ ባዶ እጁን ቀርቷል።

እንግዲህ እዚህ ቦታ ላይ እናቁም። የስኬት መጽሐፉ የሚዘልለው ይህችን ነው። በእሱ ሥርዓት ሄቬሺ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ሦስተኛ ዓመት ይለፋል፣ አራተኛ ዓመት ይለፋል፤ ወይ ደግሞ ተሸናፊ ተብሎ ከመጽሐፉ ይወጣል። ሄቬሺ ሁለቱንም አላደረገም። ቪየና ሄዶ ከፓኔት ጋር ተገናኘ፤ ሁለት ያልተሳካላቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ያልሆነላቸውን ነገር ሁሉ ጻፉት። በ1913 ራዲየም ዲን ከእርሳስ ለመለየት ያደረጉትን ከንቱ ሙከራ የሚዘረዝር ጽሑፍ በስማቸው አሳተሙ። "ይህን ሞከርን አልሆነም፤ ያንን ሞከርን አልሆነም" የሚል የምርምር ጽሑፍ፣ በሳይንስ አካዳሚ መጽሔት!

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው ሰውየውን ትልቅ ያደረገው። በየትኛውም ኬሚስትሪ ካልተለየ፣ ሲጀመር የተለየ ነገር ነው ያለው ማነው? በዚያው ዓመት ፍሬድሪክ ሶዲ "አይሶቶፕ" የሚለውን ስም አወጣ። ራዲየም ዲ ማለት ሌላ ሳይሆን ራሱ እርሳስ ነው፤ የአተሙ ክብደት ብቻ የተለየ፣ ጨረር የሚያወጣ እርሳስ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሄቬሺ እርሳስን ከእርሳስ ለመለየት ሲታገል ኖሯል!

አሁን ጨዋታው ተገለበጠ። መለያየት ካልቻሉ እንግዲያው አንዱ የሄደበት ሌላውም ይሄዳል ማለት ነው። እረኛ ከመንጋው መካከል የአንዷ በግ አንገት ላይ ቃጭል የሚያስረው ለምንድነው? በጓ ከሌሎቹ በምንም አትለይም፤ የሚግጡትን ትግጣለች፣ የሄዱበት ትሄዳለች። ልዩነቷ ስትንቀሳቀስ መሰማቷ ብቻ ነው። እሷ ስትሰማ መንጋው የት እንዳለ ይታወቃል። ራዲየም ዲ የእርሳስ መንጋ ቃጭል ሆነ። ሄቬሺና ፓኔት እዚያው ወዲያው አንዳንድ የእርሳስ ውህዶች ውኃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሟሙ ለኩበት፤ በሚዛን ሊለካ የማይችል፣ ከኢምንት የሚያንስ መጠን። ዛሬ የኑክሌር ሕክምና የምንለው ነገር ሁሉ መነሻው ይህች ቃጭል ናት።

ቃጭሏ የተገኘችው ግን ሄቬሺ ስለጸና አልነበረም፤ ያቃተው ነገር ምን እንደሚነግረው ቆም ብሎ ስላዳመጠ ነው። ተስፋ ቆረጠ፤ ተስፋ የቆረጠበትን ምክንያት ግን አልጣለውም። ሚታሽ በመጽናት ትክክል ነበር፤ ሄቬሺም በመተው ትክክል ነበር። ሁለቱን የሚለየው የልብ ጥንካሬ ሳይሆን ያጋጠማቸው ችግር ዓይነት ነው። አንደኛው ችግር ፍለጋ ይፈልጋል፣ ሌላው ችግር ማስተዋል ይፈልጋል። ለሁሉም ችግር "ግፋ በለው" ብሎ የሚመክር መጽሐፍ፣ ለሁሉም በሽታ አንድ ክኒን ከሚያድል ሐኪም በምን ይሻላል?

ስለ ሄቬሺ ሲነሣ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስታውሰው የአከራዩን ሴትዮ ወሬ ነው። ሄቬሺ ማንችስተር ሳለ ምግብ እዚያው እየበላ በሚያድርበት ቤት፣ ከእሑድ በስተቀር የሚቀርበው ሥጋ የተረፈ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ሴትየዋ ካደች። አንድ ቀን ትርፍራፊው ላይ ጥቂት ጨረር የሚያወጣ ነገር ጨመረበት። ከቀናት በኋላ ኤሌክትሮስኮፕ ይዞ ምግቡን ሲለካ መሣሪያው መሰከረባት። ከረመ የተባለው ወጥ ራሱ ተናገረ በሉት።

ወሬዋ ጣፋጭ ናት፤ ራሱም በእርጅናው ይተርካት ነበር። እንደ ሐያሲ ሳያት ግን ሁለት ነገር ይቆረቁረኛል። የመጀመሪያው፣ በዚያ ገበታ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም ወይ? ያን ሥጋ ሳያውቅ የበላ ቀለብተኛ ቢኖርስ? ዛሬ አንድ ተመራማሪ ይህን ቢያደርግ ከሥራ መባረር ብቻ አይበቃውም። ታሪኩን ስንሰማ ግን ከብልሁ ጎን ሆነን እንስቃለን፤ ሳህኑን አናይም። ሁለተኛው፣ ሴትየዋ ስም የላትም። መቶ ዓመት ሙሉ በየመማሪያ መጽሐፉ የምትሳቅባት ሴት፣ በዚያ ኑሮ ለስንት ሰው ቀለብ ታበስል እንደነበር፣ ሥጋ በስንት ትገዛ እንደነበር የሚነግረን የለም። የኛን እናቶች አስቡ። የእሑዱን ወጥ ለማክሰኞ ያላሳደረች እናት አለች? ያ ሙያ ነበር እንጂ ማጭበርበር መቼ ሆነ?

ለማንኛውም ሄቬሺ ከወጡ አልፎ ሄዷል። በ1923 ኮፐንሃገን ውስጥ ከዲርክ ኮስተር ጋር ሃፍኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘ። በዚያው ዓመት ደግሞ ቃጭሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሕይወት ባለው ነገር ላይ አሠረው፤ በምን ላይ ብትሉ በባቄላ። ይኸው እኛ በጾም ሽሮ የምናደርገው ባቄላ ነው። የባቄላን ቡቃያ እርሳስ ያለበት ውኃ አጠጥቶ፣ እርሳሱ በአብዛኛው ሥሩ ላይ እንደሚቀርና ወደ ቅጠል የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ እንደሆነ አየ። ቀጥሎ በከባድ ውኃ፣ አንድ ሰው የጠጣው ውኃ በአካሉ ውስጥ በአማካይ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚቆይ ለካ።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የ1935ቱ ሥራው ነው። ሰው ሠራሽ የሆነ ጨረር የሚያወጣ ፎስፈረስ ተገኝቶ ነበርና ሄቬሺ ከአንድ ባልደረባው ጋር ለአይጦች አበላው። ፎስፈረሱ አጥንት ውስጥ ገባ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ተመልሶ መውጣቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ቤት ምሰሶ ያየው ነበር፤ አንዴ ከቆመ ቆመ። ሄቬሺ ግን አጥንት ያለማቋረጥ አተም ሲቀበልና ሲሸኝ የሚኖር ነገር መሆኑን አሳየ። የዛሬ ዓመት አጥንታችሁ ውስጥ የነበረ ፎስፈረስ ዛሬ ማን ማሳ ላይ እንዳለ አታውቁትም።

ይህን የጻፈበትን ጊዜ አስተውሉ። ሄቬሺ የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነቱን ትቶ ከጀርመን የወጣው በ1934 ነው። ምክንያቱ የዘር ሐረጉ ነበር። ቤተሰቡ ባለማዕረግም ካቶሊክም ይሁን እንጂ ትውልዱ ከአይሁድ ነው። በዚያን ዘመን ጀርመን ውስጥ የአያትና የቅድመ አያት አጥንት በመዝገብ ይቆጠር ነበር። እሱ ደግሞ በሰደደው ዓመት ማግሥት አጥንት ራሱ አጥንት ሆኖ እንደማይከርም በአይጥ አረጋገጠ። ይህን ለፖለቲካ ብሎ አልሠራውም፤ በጽሑፉ ውስጥም አንዲት ቃል የለችም። እኔ ግን አጥንት ቆጠራ ዛሬም ሥራዬ ብሎ በያዘ አገር የምኖር አንባቢ ነኝና ሳላነሣው ባልፍ ሰው ይታዘበኛል። የምንቆጥረው አጥንት ካለፈው ክረምት ወዲህ ስንቱ አተሙ እንደታደሰ ብናውቅ ቆጠራው ራሱ ያሳፍረን ነበር።

ሽልማቱስ? የስኬት መጽሐፍ ያለ ሽልማት አያልቅም። ጀርመኖች በሚያዝያ 1940 ዴንማርክን ሲወርሩ ኮፐንሃገን በሚገኘው የኒልስ ቦር ተቋም ውስጥ የሁለት ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች፣ የማክስ ፎን ላወና የጄምስ ፍራንክ፣ የኖቤል ሜዳልያዎች በአደራ ተቀምጠው ነበር። ወርቅ ከጀርመን ማውጣት ከባድ ወንጀል ነው፤ ሜዳልያው ላይ ደግሞ ስማቸው ተቀርጿል። ሄቬሺ እንቅበረው አለ፤ ቦር ሊገኝ ይችላል ብሎ አልወደደውም። ስለዚህ ሄቬሺ ወታደሮቹ በከተማው ሲዘዋወሩ ሁለቱን የኖቤል ሜዳልያዎች ጠንካራ የአሲድ ቅልቅል ውስጥ ጨምሮ ሲያሟሟ ዋለ። ወርቅ በቀላሉ አይበገርምና ሥራው አድካሚ ነበር። ፈሳሹ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ማንም ልብ አላለውም። ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ከፈሳሹ ወጥቶ ለስዊድን ተላከ፤ የኖቤል ድርጅትም ሜዳልያዎቹን እንደገና ሠራቸው። ሄቬሺ ራሱ በ1943 ወደ ስዊድን ሸሸ፤ የዚያን ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠውም ለዚያችው ቃጭል ነው። ሽልማት ለዚህ ሰው የሚሟሟ ነገር ነበር ማለት ነው። የማይሟሟው ሌላ ነው።

"ታዲያ ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?" የሚል አይጠፋም። እነግራችኋለሁ። ዛሬ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 30 ሚሊዮን ለሚጠጋ የሕክምና ምርመራ የሚውለው ቴክኒሺየም-99ኤም የሚባለው ቃጭል ነው። የልብን የደም ዝውውር፣ ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰርን፣ የእንቅርትን ጠባይ ያሳያል። ግማሽ ዕድሜው ስድስት ሰዓት ነው፤ ማለትም በየስድስት ሰዓቱ ግማሽ ግማሹ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ነገር ከሩቅ አገር ማስመጣት አይቻልም። መላውን ያመጡት አሜሪካ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ውስጥ የነበሩ ኬሚስቶች ናቸው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ። 66 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለውን ሞሊብዲነም በእርሳስ በተሸፈነ ዕቃ ውስጥ ይልኩታል፤ እሱ ቀስ በቀስ ወደ ቴክኒሺየም ሲለወጥ ሆስፒታሉ በጨው ውኃ እያጠበ ይወስዳል። ባለሙያዎቹ ዕቃውን "ላም" ይሉታል፤ ጠዋት ጠዋት ትታለባለቻ! ሪአክተር የሌለን አገሮች ላሟን የምናስመጣው በአውሮፕላን ነው። እስቲ አስሉት። ዓርብ ከሰዓት አውሮፕላን ጣቢያ የገባች ላም ፊርማ የሚያኖርላት ጠፍቶ ሰኞ ከሰዓት ብትወጣ ከግማሽ በታች ናት። እስከ ሐሙስ ብትቆይ ከአራት አንድ እጅ አይሞላም። ማንም አልሰረቃትም፣ ማንም አልሰበራትም፤ በፋይል ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ነው። ተራ ሲጠብቅ የሰነበተው በሽተኛ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ሌላው ፍሎሪን-18 የሚባለው ነው። ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ! በ1976 ታትሱኦ ኢዶ፣ አልፍሬድ ዎልፍ፣ ጆአና ፋውለርና ባልደረቦቻቸው እዚያው ብሩክሄቨን ይህን ፍሎሪን ከስኳር ጋር አጣምረው በአውሮፕላን ወደ ፊላዴልፊያ ላኩት፤ ስኳሩ የሰውን አንጎል ሥራ ከውጭ አሳየ። ችግሩ በዘዴው የሚገኘው መድኃኒት ጥቂት መሆኑ ነበር። መፍትሔው የመጣው በ1986 ዩሊክ ከሚገኙ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ነው፤ የመጣውም በደላላ! ክሪፕቶፊክስ የሚባል ነገር ፖታሲየሙን አቅፎ ይይዝና ፍሎሪኑን ለሥራ ነፃ ይለቀዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፍሎሪን ስኳሩ ላይ ተጣበቀ። ደላላው መርዛማ ስለሆነ በሽተኛው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ተጣርቶ መውጣት አለበት። ሄቬሺ ካለፈበት ከሃበር ቤት የተነሣው የካታሊስት መንገድና ከቪየና የተነሣው የቃጭል መንገድ እዚህ ላይ ተገናኙ። ደቂቃ የሚቆጠርበት ኬሚስትሪ ደላላ ግድ ይለዋል።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ትችት ልግባ። "ምኑን ዘለለው?" የሚለውን ጥያቄ ለአስፋልት ዳር መጻሕፍት ብቻ ብጠይቅ አድልዎ ይሆንብኛል። የዩኒቨርሲቲዎቻችንን የመመረቂያ ጽሑፎችም አንብቤአለሁ፤ በሥነ ጽሑፍም ከሥነ ጽሑፍም ውጭ። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ወዳጄ "በዚህ ሁሉ ዓመት 'አልሆነም' ብሎ የሚጨርስ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አልደረሰኝም" ብሎኛል። ሁሉም ተሳክቷል! ሁሉም "ውጤቱ አጥጋቢ ነው፤ ወደፊት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" ብሎ ያልቃል። እንዲህ ከሆነ እኮ ከጀርመን ሁሉ በልጠናል ማለት ነው፤ ሚታሽ ስድስት ሺህ ጊዜ የለፋውን የኛ ልጅ በአንድ ሴሚስተር ይገላገለዋል።

ልጆቹ ዋሾ ሆነው አይመስለኝም። ያልሆነውን ብጽፍ ፈታኙ "ታዲያ ምን ሠራህ?" ይለኛል ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ያልሆነው ነገር ለአማካሪው አያኮራም፣ ለክፍሉ ሪፖርት አይመችም፣ ለሹመት አይቆጠርም። ስለዚህ ሁለት ዓመት የለፉበት ሙከራ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቀበራል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይመጣና ያንኑ ሙከራ እንደ አዲስ ጀምሮ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ከኋላው ያለው ደግሞ እላዩ ላይ። የማይለየውን እርሳስ በየተራ ስንለይ እንኖራለን፤ "አይለይም" ብሎ የጻፈልን የለማ!

የስኬት መጽሐፉና የመመረቂያ ጽሑፉ እዚህ ላይ አንድ ናቸው። አንደኛው ውድቀትን መወጣጫ ደረጃ ያደርገዋል፣ ሌላኛው ይደብቀዋል፤ ውድቀቱ ራሱ ምን እንደሚል ግን ሁለቱም አይሰሙትም። ይህ የሳይንስ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ስንት ፕሮጀክት ተመርቆ ቆመ? ስንት ዕቅድ መቶ በመቶ ተሳክቶ ሪፖርት ተደረገ፣ በማግሥቱም ያው ዕቅድ በአዲስ ስም ተጀመረ? የኛ ድህነት የሙከራ ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ያልሆነልንን ነገር በስማችን ፈርመን የማሳተም ልማድ የለንም።

ስለዚህ በየክፍሉ አንድ ትንሽ ነገር ቢደረግ እላለሁ፤ ገንዘብ አያስወጣም። የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ "የሞከርኩትና ያልሆነልኝ" የሚል አንድ ምዕራፍ ይኑረው። ፈታኙም መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ይሁን። ምዕራፉ ባዶ የሆነ ተማሪ ቢመጣ፣ ያኔ ነው "ታዲያ ምን ሠራህ?" ብሎ መጠየቅ።